የአባ ሰንጋ መስኮት

እልኸኛ ነህ ይሉኛል። ነኝ። እልኸኛ ባልሆን ኖሮ መስኮት የሌለው ቤት ሠርቼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያችው በመስኮት ነገር ከሚስቴ ጋር አልሟገትም ነበር። ሙግቱን ደግሞ ረትቼ ነበር፤ ባለፈው ኅዳር እስክሸነፍ ድረስ። ያሸነፈኝ ሰው አይደለም፤ ዓይን የማያየው ፍጡር ነው። በማይታይ ነገር የተሸነፈ ሰው ምስክር ስለማያገኝ፣ እኔው ራሴ ልመስክር።

ቤቴ መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ከተማ በላይ ነው። ዳገቱን ለለመደ እግር የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ላልለመደ የንስሐ መንገድ ነው። ፊቱን ወደ አውድማዬ፣ ጀርባውን ወደ ጓሳ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጓሳ አባቶቻችን በሕግ የከለሉት የሣር ምድር ነው፤ ተመክሮበት ካልተፈቀደ ሣሩ አይታጨድም፣ በግም አይገባበትም። ነፋሱ ግን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ ተነሥቶ ሲመጣ ጥርስ የሌለውን ሽማግሌ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ስለዚህ ቤቱን ስሠራ የጀርባውን ግድግዳ ክንድ ተኩል በሚሆን ድንጋይ ደፈንሁት። ባለቤቴ ዘነበች የበግ ፀጉር ፈታይ ናትና፣ ለብርሃን የምትሆን አንዲት መስኮት ብቻ ብላ ለመነችኝ። መስኮት ማለት ለነፋስ የተሠራ በር ነው ብዬ መለስሁላት። ሠላሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ፈተለች።

እሷ የፈተለችውን እኔ ባና እሠራበታለሁ። ባና የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው። እኔ የሠራሁትን ባና የለበሰ ሰው ውርጭ መውረዱን የሚሰማው ከጎረቤት ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው።

የመጨረሻ ልጃችን እታገኝ አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ባለፈው ኅዳር ከትምህርት ክፍሏ የተዋሰችውን ኮምፒውተር አዝላ መጣች። እንደ ዳዊት ተከፍቶ የሚዘጋ ዓይነት ነው። መብራት ከገባልን ጥቂት ዓመታችን ስለሆነ፣ ከሶኬቱ አጠገብ ያለውን መደብ በጨርቅ ወልውላ አስቀመጠችው። እኔ ደብዳቤ ልትጽፍበት መስሎኝ ነበር።

«አባዬ፣ አባ ሰንጋን ያውቁታል?» አለችኝ።

ይሄ ጥያቄ እኔን ነው እንዴ የሚጠየቀው? ቦራ የሚባል በሬ ነበረኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ፣ በነጋታው ተነፍቶ፣ ደም ካፍንጫው ወርዶ ተጋድሞ አገኘሁት። ሥጋውን ሳልነካ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት፤ በላዩም እሾህ ከመርሁበት፤ አባቴ ያዘዘኝ እንደዚያ ነው። ጎረቤቴ ደምሴ ግን የሱ በሬ ሲሞትበት ቆዳው አሳዘነውና ገፈፈው። ክንዱ ላይ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ወጣበት። ጤና ጣቢያ በመርፌ ባያተርፉት ኖሮ ዛሬ የሚሰድበኝ ጎረቤት አይኖረኝም ነበር። ጠባሳው አሁንም አለ። ደምሴ ክረምት ከበጋ እጅጌውን የማይሰበስበው ለዚያ ነው።

እታገኝ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ነው አለች፤ በመርፌ ጫፍ ላይ ብዙ ሺሕ ሆኖ የሚሰፍር። አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ወፍራም ነገር ተከናንቦ፣ ለብዙ ዓመት ይተኛል።

«ባና ለብሶ በይኛ» አልኋት።

ባና እንደማለት ነው አለችና ቀጠለች። ሲነቃም ራቁቱን አይሆንም። ከላይ የሚለብሰው ልብስ አለው፤ ያንን ልብስ የሚሠራለት ኤንዛይም የሚባል ሠራተኛ ደግሞ በሆዱ ውስጥ ተቀምጧል። ሠራተኛው ሥራ ከፈታ ባክቴሪያው ራቁቱን ቀርቶ ፈንድቶ ይሞታል። መድኃኒት እስከ ዛሬም አለ፤ በሽታ ግን መድኃኒትን እየለመደ ይሄዳልና አዲስ መፈለግ አለበት። የሷ ጥናት የሠራተኛውን መልክ በኮምፒውተር ቀርጻ፣ መድኃኒት ይሆናሉ የተባሉትን ነገሮች በየተራ አፉ ውስጥ እየከተተች፣ የትኛው ገብቶ እንደማይወጣ ማየት ነው።

ነገሩን ከእሷ ይልቅ የማውቀው መሰለኝ። ልብስ የሚሠራ ማለት ሸማኔ ነዋ።

«ስሚ፣» አልኋት፣ «ሸማኔን ልታጠፊ ብለሽ እንጨት ብትወረውሪበት አንሥቶ ይጥለዋል። ደህና ማግ የሚመስል የበሰበሰ ማግ ስጪው። በገዛ እጁ መወርወሪያው ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ወዲያ አንቺ ምንም አትደክሚም፤ ራሱ ተጠላልፎ ይቀራል።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። «አባዬ፣ ይሄንኑ እኮ ነው መጽሐፉም የሚለው» አለች። እንግዲህ መጽሐፉ ከማን እንደሰማው መርምሩ።

እሑድ በሰንበቴው ላይ፣ ጠላው ገና አንድ ዙር እንደሄደ፣ ልጄ የአባ ሰንጋን ሸማኔ ልታስርልን ነው ብዬ አወጅሁ። ሽማግሎቹ ከዋንጫቸው ቀና አሉ። ደምሴም፣ «አደራህን፣ የሙያ ባልደረባዬ ነው ብለህ ዋስ እንዳትሆነው» አለ። ሰንበቴው በሳቅ አለቀ። ይስቁ አልሁ። የሚስቅ ሰው ቢያንስ ሰምቷል።

አሁን ወደ ጥፋቴ እየመጣሁ ነው፤ የዘገየሁትም ወድጄ አይደለም። ኮምፒውተሩ አምስት ቀን ሳያቋርጥ መሥራት አለበት። በሰባተኛው ቀን እታገኝ ውጤቱን ለመምህሯ ካላደረሰች ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል። ከርሞ ደግሞ ፈቃዷ አልቆ ወደ ማስተማሯ መመለስ አለባት። የጀመረችውን ሳትጨርስ ትቀራለች ማለት ነው። ሁለት ቀን በሰላም ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቤታችን ኔትወርክ ስለሌለ፣ መምህሯን በስልክ ልታነጋግር ወደ ሞላሌ ወረደች። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «እንዳይጠፋ ብቻ፣ አባዬ። ሰው አያስነኩት። እርስዎም አይንኩት» አለችኝ።

ዱላዬን ይዤ ተቀመጥሁ። ዶሮ መጣች፤ አባረርሁ። ድመት መጣች፤ እሷም ተባረረች። ዘነበች መጥረጊያ ይዛ ስትጠጋ እንኳ በዱላዬ መስመር አሰመርሁባት። የውጩ ውርጭ ገና አልተገፈፈም። በዚህ መካከል ኮምፒውተሩን ልብ ብዬ ሳየው ለካ ይንቀጠቀጣል። እጄን ሳላስነካው ጆሮዬን ብጥልበት፣ እፍ እፍ እያለ ያቃስታል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ሌሊቱን ሲያድር የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ አውቀዋለሁ።

እናንተ ፍረዱ። በእኛ አገር ቤቱ የገባ እንግዳ ሲንቀጠቀጥ እያየ ዝም ያለ ሰው በማን ፊት ይቆማል? ሣጥን ከፍቼ ለእታገኝ ሠርግ ብዬ የሠራሁትን፣ ማንም ያልለበሰውን ባና አወጣሁ። አራት እጥፍ አድርጌ አከናነብሁት። ጠርዙንም እንደ አራስ ልጅ ዙሪያውን ወተፍሁለት። መጀመሪያ ላይ ማቃሰቱ ባሰ። ከዚያ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

ሞቀው፣ ተኛ አልሁ። ዘነበችን ጠርቼ አሳየኋት። ደግ አደረግህ አለችኝ፤ ይህን ኋላ ካደች።

እታገኝ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። መምህሯ በርቺ ብሏታል። መደቡ ላይ የተቆለለውን ባና ስታይ መብራቱ ጠፋ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ባናውን አየችና ገለጠችው። ኮምፒውተሩ ጨልሟል። እጇን ብታሳርፍበት ወዲያው ሰበሰበችው፤ ከአንጥረኛ ምድጃ እንደወጣ ማረሻ ግሏል። ጭንቅላቷን ይዛ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«አይንኩት አልሽኝ እንጂ አያልብሱት አላልሽኝም» አልሁ።

ዘነበች ከደጃፍ ሆና፣ «ልጂቱ ባክቴሪያውን ባና ልታስወልቀው ስትደክም፣ አባቷ መሣሪያዋን አለበሰላት» አለች። በሌላ ቀን ቢሆን እኔ ራሴ በሰንበቴ የምናገረው ጨዋታ ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ሲበርድለት ተነሣ። እግዜር ይስጠው፣ የሁለቱን ቀን ሥራ መዝግቦት ኖሯል። የቀረው የሦስት ቀን ነው፤ ጊዜያችንም ልክ ያንኑ ያህል ነው፤ ለብክነት አንድ ጠዋት እንኳ የለንም። ግን ሥራ በጀመረ በሰዓት ውስጥ ግሎ ድጋሚ ጠፋ። እታገኝ ገልብጣ ሆዱን በቢላ ጫፍ ፈታችው። ውስጡ ሙቀቱን የምታወጣ ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ ማቃሰት የመሰለኝ የሷ መሽከርከር ኖሯል። ያቺ ማራገቢያ የባናዬን ፀጉር ስባ ስባ እንደ ኳስ ጠቅልላዋለች፤ አንድ ክንፏም ተሰብሯል። የተሳሳተ ማግ ሸማኔን እንደሚያስር አስተምሬ አልነበር? አሰርሁ። ያሰርሁት ግን የራሳችንን ሠራተኛ ነው።

ዘነበች በመርፌ እያንዳንዷን ፀጉር ነቀለች፤ ዓይኗ እንዲያ ደክሞ እንኳ አንድ አላስቀረችም። ማራገቢያዋ እያነከሰች መዞር ጀመረች። አይበቃም። መለወጫው አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም።

«አሁን የሚያድነው ብርድ ብቻ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚነፍስበት ብርድ» አለች እታገኝ።

ደግሜ ጠየቅኋት። መንዝ ውስጥ ብርድ ያነሰው ፍጡር ሲገኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ በሰፌድ ማራገብ ሞከርን። እኔ ስደክም ዘነበች፣ ዘነበች ስትደክም እታገኝ። ደምሴ ብቅ ያለው በዚህ መካከል ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አንዲት ሣጥን ፊት ቆመው በሰፌድ ሲያራግቡ ሲያይ፣ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ማን ናቸው ያረፉት?» አለ። ሦስት ቀን በሰፌድ እንደማይሆን ክንዴ ቀድሞ ስለነገረኝ ሰፌዱን ጣልሁት። ወደ ውጭ አውጥተን የግቢው ካብ ላይ አስቀመጥነው። ግን ወቅቱ የገብስ ውቂያ ነው፤ ከየአውድማው የሚነሣው እብቅ እንደ ጉም አየሩን ሞልቶታል። ፀጉር የበላች ማራገቢያ እብቅ ስትጨምርበት ታየኝ። ሙክቴም መጥቶ በቀንዱ ሊተዋወቀው ሲል አንሥተን አስገባነው።

እንግዲህ እብቅ የሌለው ነፋስ ከወዴት ይምጣ? ከአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚመጣው። ጓሳ የተከለለ ሣር ነው፤ አይታረስም፣ አይወቃም፣ አቧራም የለውም። ነፋሱ ንጹሕ ነው፤ ክፉ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ያም ነፋስ ከጀርባ ግድግዳዬ ማዶ፣ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ቆሞ ያፏጫል።

ግድግዳዬን አየሁት። ዘነበች ግድግዳውን ሳይ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት የተናገረችው ይበቃ ነበር።

ድጅኖ አንሥቼ ጀመርሁ። እልኸኛ የሠራው ግድግዳም እልኸኛ ነው። ድንጋዩን ስመታው እሳት እየተፋ ድጅኖዬን ይመልሳል። የጎልማሳነት ጉልበቴና የሽማግሌነት ጉልበቴ ፊት ለፊት ተገናኝተው ሲታገሉ ዋሉ፤ ጎልማሳው እያሸነፈ ነበር። ደምሴ ደጃፉን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና የልቡን ተናገረ።

«ለሚስትህ የከለከልኸውን ለሣጥን ትከፍታለህ?»

ድጅኖውን መሬት ላይ ተከልሁት።

«ለሣጥን አይደለም፣» አልሁት። «እጅጌህን ሰብስብና ክንድህን እይ። ለሱ ነው።»

አልሰበሰበም። ግን እጁ በእጅጌው ላይ ሄደና ጠባሳው ያለበት ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ለዘነበች ሰጠና መጥቶ ድጅኖውን ከእጄ ቀማኝ። «አንተ ሰው፣ ድንጋይ በጎኑ ነው እንጂ በፊቱ አይመታም» አለ። ከዚያ በኋላ እሱ ሲፈነቅል እኔ ስለቅም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው ተበሳ።

ነፋሱ ገባ። ሠላሳ ዓመት ውጭ የቆመበትን ቂም ሁሉ ይዞ ነው የገባው። ኮምፒውተሩን ቀዳዳው ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው፤ በውጭ በኩል በግ እንዳይደርስበት በእንጨት አጠርሁለት። ሥራ ጀመረ። ሰዓት አለፈ፤ አልጠፋም። እታገኝ እጇን አሳርፋበት ወደ እኔ ዞረችና፣ ቀዝቅዟል አለች። ከዚያ ቀን በፊት ይህ ቃል በቤቴ ውስጥ ለምስጋና ተነግሮ አያውቅም።

ሦስት ቀን ቤታችን ውስጥ ሆነን ጓሳ ላይ ኖርን። ሙቀትና ጢስ እንዳይነካው እሳቱ ወደ በጎቹ በረት ተዛወረ። በጎቹ እንደ ባላባት እየሞቁ፣ እኛ እዚህ ተንቀጠቀጥን። የሠራሁት ባና ሁሉ ከሣጥን ወጥቶ በየትከሻው ላይ ዋለ። ጎረቤት በየተራ ይመጣል። አንዷ አሮጊት የገብስ ቆሎ ይዛ መጣች፤ ለታመመ ነው ብላ። ደምሴ ግን ቀን በቀን ይመጣና፣ እንደ ዳኛ ተቀምጦ፣ የትኛው መድኃኒት ቀርቦ የትኛው እንደተመለሰ እታገኝን ይጠይቃታል። አንዱ ሲመለስ ይናደዳል። በሰንበቴም ስለ ኤንዛይም ለሌሎቹ የሚያስረዳው እሱ ሆኗል አሉ፤ ነገሩን ከኔ እንደሰማው ግን አይናገርም።

ዘነበች በርጩማዋን ከደጃፉ አንሥታ ከመስኮቷ ሥር አስቀመጠች። እንዝርቷን በብርሃን ስታዞረው እጇን አየሁት። እንደዚያ አጥርቼ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ሥራውን ጨረሰ። እታገኝ ጎንበስ ብላ አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ ጠራችኝ። የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ በየቀለሙ የተጠላለፈ የክር ጥቅል የሚመስል ነገር አለ። ኤንዛይሙ እሱ ነው አለችኝ። በመካከሉ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ ነገር ተሰንቅራለች።

«ይኸውልዎ። ገባ፣ አልወጣም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስመለከት የኖርሁ ሰው ነኝ። መወርወሪያ ሲሰነቀር አውቃለሁ። ተሰንቅሯል።

«ሞተ?» ያለው ደምሴ ነው።

«አልሞተም፣ ጋሼ ደምሴ» አለችው። «ይሄ ገና ፍንጭ ነው። በቤተ ሙከራ ይፈተናል፤ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ሳይሆን ሊቀርም ይችላል። ግን የት ብንመታው እንደሚሻል አየን።»

ለፍንጭ ነው ቤቴን ያፈረስሁት ልል ነበር። ፊቷን ሳይ ተውሁት። ደምሴ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ነበር፤ ልብ ያለውም አይመስለኝም።

በሰባተኛው ቀን ወደ ሞላሌ ወርዳ ላከችው፤ ውጤቱ ከመምህሯ እጅ ደረሰ። ጥናቷን በመምህራን ፊት ያቀረበች ዕለት እኔም ዘነበችም ዩኒቨርሲቲዋ ድረስ ሄድን። ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደ ግዕዝ ቅዳሴ፣ ሳይገባኝ ቆሜ በአክብሮት አስቀደስሁ። የክሩ ጥቅል ግድግዳው ላይ ሲወጣ ግን አጠገቤ የተቀመጠውን ጎልማሳ በክርኔ ነካ አድርጌ፣ የተሰነቀረችውን አሳየሁት። መጨረሻ ላይ አንድ ጠይም መምህር በአማርኛ፣ ይህን ረቂቅ ሐሳብ እንዲህ ቀላል አድርገሽ መናገርን ከማን ተማርሽ አላት።

«አባቴ ባና ሠሪ ናቸው» አለች። «ከሳቸው ነው።»

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። እኔም ባናዬን አስተካከልሁ። በሙቀት አገር ባና ለብሼ የሄድሁት ያልገባቸው ካሉ፣ ያኔ ገባቸው።

መስኮቷ አሁንም አለች። መዝጊያ አላበጀሁላትም። ባለፈው ሰሞን ደምሴ ከባሕር ዛፍ ሳንቃ ጠርቦ መዝጊያ ልሥራልህ አለኝ፤ በመጣ ቁጥር እየበረደው ነው። ይህች የአባ ሰንጋ መስኮት ናት፣ የምትዘጋው አባ ሰንጋ የሞተ ዕለት ነው አልሁት። እልኸኛ ነህ አለኝ። ነኝ።

ዘነበች ከመስኮቷ ሥር ሆና ትፈትል ነበር። ከእንዝርቷ ቀና ሳትል፣ «እንግዲያውስ ቀስ ብሎ ይሙት» አለች።

ይህን ልጄ እንዳትሰማ።